የአያ አያልነህ ቅናትና ያልተከተበው ውሻ

በወረታ የገበያ ቀን አያ አያልነህ ሩዛቸውን ለመፈልፈያ ቤቱ አስረክበው በደብረ ታቦር መገንጠያ በኩል ሲያልፉ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ አጠገብ ከአያ ገብረ ኪዳን ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ባይገጣጠሙ በወደዱ ነበር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥር ለአጥር የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቻቸውን በአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ላኩ። የአያ ገብረ ኪዳን ልጅ ሰውመሆን የሰው ሐኪም ሆኖ ባሕር ዳር ተቀጠረ፤ የአያ አያልነህ ልጅ ማስተዋል የእንስሳት ሐኪም ሆና እዚያው ወረታ ተመደበች። ከዚያ ወዲህ የጎረቤታቸው ስም በተነሣ ቁጥር የአያ አያልነህ ቆሽት ያርራል። ውሻቸውን እንኳ «ቀን ያልፋል» ብለው የሰየሙት በአጥሩ ላይ ጮክ ብለው እየጠሩ ለማሰማት ነው። ውሻው ግን የማን መልእክተኛ እንደሆነ ሳያውቅ ጭራውን እየቆላ ይመጣል።

«እንዴት ዋሉ አያ አያልነህ? ሰውመሆን ትናንት ደውሎ ሰላም ብሎዎታል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደኅና ሆነ» አሉ አያ አያልነህ፤ ከአንገት በላይ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። በመካከላቸው ማስተዋል ቦት ጫማ አጥልቃ፣ ተንበርክካ፣ አንድ ብጫ ውሻ በክንዷ አቅፋ ትከትባለች። የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሃኪም ከሱቁ በር ቆሞ፣ «ይች ጎበዝ የውሻ ሐኪም የማን ልጅ ናት?» ሲል ጠየቀ።

አያ አያልነህ በጎን አያ ገብረ ኪዳንን አዩ። «እኔ ምን አውቄ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ማስተዋል ቀና ብላ አየቻቸውና መልሳ ወደ ሥራዋ አቀረቀረች።

በማግስቱ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አባትና ልጅ በደጃፉ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ትናንት እንደማያውቁኝ ሆነው አለፉ» አለች።

«ምን ላድርግ አንች? ያ ሰውዬ ከጎኔ ቆሞ! የሱ ልጅ የሰው ልብ ያዳምጣል፤ የኔ ልጅ በገበያ መካከል ከውሻ ጋር ትታገላለች። በሬዬን ሸጬ ያስተማርሁሽ ለዚህ ነው?»

«ሰውመሆን የታመመውን ያክማል፤ እኔ እንዳይታመም እከላከላለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ ወዲያ ሰውመሆንም ሆነ ሌላ ሐኪም አያድነውም። በሽታው እሚቆመው ውሻው ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ?»

«ጸበል አለ፤ የአዋቂ ሥር አለ።»

«ጸበሉን ይጠመቁ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይኬድ። ሥሩን እየጠጣን ቀኑ ሲያልፍብን ነው ሰው እሚሞት።»

«የተከተበ ውሻ ይደነዝዛል፤ ሌባ አይጠብቅም ይላሉ።»

ማስተዋል ፈገግ አለች። «ውሻን እሚያደነዝዘው ረኃብና መዥገር ነው፣ አባቴ። ንጹሕ ውኃ ይሰጠው፤ ገላው ይታይ። በግ ሲታረድም ሳንባና ጉበቱ በጥሬው አይወርወርለት፤ በውስጡ ያለው ትል በውሻው አድርጎ ወደኛው ይመለሳል። እስቲ ይፍቀዱልኝ፤ ‹ቀን ያልፋልን› ዛሬ ልክተበው።»

አያ አያልነህ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ከአጥሩ ወዲያ የአያ ገብረ ኪዳን ድምፅ ይሰማል። ልጃቸው ውሻ ይዛ ስትንበረከክ ያ ሰው እንዲያይ አልፈለጉም። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነበር።

«ተይው!» አሉ። «ይልቅ ይህን ሥራ ተይልኝ። የአጎትሽ ልጅ ባንክ ላስገባት ብሎኛል፤ እኔም ቀና ብዬ ልሂድ።»

ማስተዋል ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ከኔ ጋር ከተመረቁት ብዙዎቹ ትተውታል፤ አንዱ ስልክ ይሸጣል። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ መብራቱ ይጠፋል። ሞተር ብስክሌት አለ፤ ቤንዚን የለም። መድኃኒት በፀሐይ አስጥቶ እሚቸረችር ሰው ከብቱን ሲወጋ ይከርምና፣ ሊሞት ሲል እኔን ይጠሩኛል። ሲሞት ‹ሐኪሟ ገደለችው› ይላሉ። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። አባቴ ሲያፍርብኝ ግን አልችለውም። እሺ፤ እለቃለሁ።»

ያሰቡት ሆነላቸው፤ ግን ደስታው አልመጣላቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ ለሐጩን የሚያዝረከርክ ባይተዋር ውሻ ከይፋግ በኩል መጥቶ መንደሩን አመሰው። ጎረምሶች እስኪገድሉት ድረስ «ቀን ያልፋልንም»፣ የአያ ገብረ ኪዳንን ውሻም ነከሰ። ገና ሥራዋን ያልለቀቀችው ማስተዋል ተጠርታ ስትደርስ አባቷ ማጭድ በቆረጠው እጃቸው የውሻቸውን ቁስል ያብሳሉ።

«አባቴ፣ እጅዎን!» ብላ ጮኸች። ከውሻው አላቀቀቻቸውና ውኃ እያንቆረቆረች በሳሙና ደጋግማ አጠበቻቸው። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባት ይጀምራሉ» አለች።

በዚህ መካከል አያ ገብረ ኪዳን ውሻቸውን በገመድ አስረው አመጡ። ማስተዋል መረመረችና መርፌ ወጋችው። «ቀድሞ የተከተበ ስለሆነ ይህ ማጠናከሪያው ነው፣ ጋሼ። አስረው ይጠብቁት፤ ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።»

አያ አያልነህ ክው አሉ። «ተከትቦ ነበር? ማን ከተበው?»

«ልጅዎ ናታ!» አሉ አያ ገብረ ኪዳን። «ሰውመሆን ‹ይህ በሽታ ከኔ ዘንድ ከደረሰ መድኃኒት የለኝም፤ ማስተዋልን ለምናት› ብሎኝ አምና አስከተብሁት።»

«እንግዲያው የኔንም አሁን ክተቢልኝ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

«አሁን ረፍዷል፤ ያልተከተበ ውሻ እንዲህ ሲነከስ ከሰውና ከከብት ተለይቶ ለወራት መዘጋት አለበት» አለች ማስተዋል። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መዝጊያ የለም። ሳይሠቃይ፣ ሰውም ሳይነክስ መሸኘት ነው ያለብን።»

«ለሱ ውሻ ዕድሜ፣ ለኔ ውሻ ሞት! ሁሉ ለሱ!» ብለው አያ አያልነህ ጮኹ።

አያ ገብረ ኪዳን ገመዱን እንደ ያዙ አንገታቸውን ደፉ። «ቀናተኛውስ እኔ ነኝ፣ አያ አያልነህ። ልጄን በዓመት አንዴ ነው እማየው። ላሜ ምጥ ጠንቶባት ስትጨነቅ ጥጃውን ያወጣችው ግን ማስተዋል ናት። እርስዎ ደስ እንዳይልዎ ብዬ እስከ ዛሬ ደበቅሁ፤ እሷንም አትንገሪ አልኋት።»

አያ አያልነህ ማስተዋል መርፌውን ስታዘጋጅ የውሻቸውን ጀርባ እየደባበሱ ቆሙ። የውሻው ትንፋሽ ሲያበቃ እንዲህ አሉ፦ «በሽታው አልገደለውም። ገና ሳይታመም ቅናቴ ገደለው። አንችንም ላስጥልሽ ነበር። ባንኩን እርሺው፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።»

ማስተዋል ጤና ጣቢያ ልታደርሳቸው ባጃጅ ጠራች።

አያ አያልነህ የክትባት ቀጠሯቸውን አንዱንም ሳያስታጉሉ ፈጸሙ። ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት እየዞሩ መካሪ ሆኑ፤ ውሻ የከተበ ልጁንና ከብቱን አዳነ፤ ሐኪም በጊዜ የጠራ በሬው ከቀንበሩ አልጎደለም፤ ከፀሐይ ላይ መድኃኒት የገዛ ግን ገንዘቡንም ከብቱንም አጣ ይላሉ። ቀድሞ ሲስቅ የነበረው ገበሬ አሁን ማስተዋልን ገና ላሚቱ መኖ ስትቀንስ ይጠራታል። ቅናታቸው ግን ፈጽሞ ለቀቃቸው ብዬ ብናገር ውሸት ይሆንብኛል።

ቀጥሎ በመጣው የክትባት ቀን፣ አያ አያልነህ አዲስ ያሳደጉትን ውሻ ይዘው ገና ፀሐይ ሳትሞቅ መከተቢያው ሜዳ ላይ ደረሱ። አያ ገብረ ኪዳን ከኋላቸው ሁለት ውሾች እየጎተቱ መጡና፣ «ልጅዎ አይደለችምን? እርስዎ መቼም አይቸገሩም፤ እኛን ያስቀድሙን እንጂ» አሏቸው።

አያ አያልነህ ገመዳቸውን አሳጠሩና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጉ።

«ልጄማ ስለሆነች ነው እምቀድመው!» አሉ፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ።