ኮሪደር ላይ የቆሙት ዶክተር

ክብርት ዳይሬክተራችን ዶክተር ሃልቮርሰን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መሰናበቻው ኬክ አመሰግናለሁ። በመንግሥት ገንዘብ ኬክ መግዛት ክልክል ስለሆነ ከየኪሳችሁ እንዳዋጣችሁ አውቃለሁ። ያላዋጣችሁትንም አውቃለሁ፤ ትልልቁን ቁራሽ ያነሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ለአዲሶቹ ሥራዬን ልንገራችሁ። መንግሥት ለሥነ ፈለክ ምርምር የሚሰጠውን ገንዘብ የሚገመግሙ ሰዎችን ከውጭ እጠራለሁ፣ ሰብስቤ አስቀምጣለሁ፣ ደንቡን አነብላቸዋለሁ። የትኛው ቴሌስኮፕ ይቀጥል፣ የትኛው ይዘጋ የሚሉት እነሱ ናቸው። የደንቡ ዋና ነገር አንድ ነው፤ የራስህ ጉዳይ ሲነሳ ተነስተህ ትወጣለህ።

ጥሩ ደንብ ነው። ግን በዚህ አገር የሰማይ ተመራማሪ ስንት ነው? ሁሉም ወይ አንዱ የሌላው ተማሪ ነበር፣ ወይ አብረው ሠርተዋል፣ ወይ ተጋብተው ተፋተዋል።

ሶረል ፍላት የሚባለው ሜዳ ላይ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በተገመገመበት ቀን "ጉዳዩ የሚነካችሁ ውጡ" አልኩ። ከዘጠኙ ሰባቱ ወጡ። የቀሩት አንዲት የውቅያኖስ ተመራማሪና ሚስተር ጋርቬይ የሚባሉ የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ።

ሚስተር ጋርቬይ ባዶ ወንበሮቹን አዩና፣ "ለመሆኑ ይሄ ቴሌስኮፕ ምን ይሠራል?" አሉኝ።

"የሚያውቁት ሰዎች ውጭ ናቸው።"

"ታዲያ እኛ እዚህ ምን እናደርጋለን?"

ሁለቱ "የሚያውቅ ሰው ሳንሰማ አንፈርድም" ብለው ጻፉ፤ ግምገማውም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። እኔም ደንቡን አሻሻልኩ። ጉዳዩ የሚነካው ሰው መጀመሪያ ይጠየቅ፣ ይናገር፣ የሚወጣው ውሳኔ ሲሰጥ ይሁን አልኩ።

ያን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ሳቃችሁብኝ። "ዴልበርት፣ የራሱን ቴሌስኮፕ ዝጉ የሚል ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?" ያለኝ ሮስኮ ይኸው እዚያ ጥግ ተቀምጧል።

በሁለተኛው ግምገማ፣ በአዲሱ ደንብ መሠረት ሊጠየቁ ዶክተር ኢሞጀን ፋራር ገቡ። ሶረል ፍላትን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ያለቀው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ሚስተር ጋርቬይ "ይቀጥል ይላሉ?" ብለው ጠየቋቸው።

"ዝጉት" አሉ። "ደህና አድርጎ ሠርቷል። አሁን ግን አዲሱ ቴሌስኮፕ በሳምንት የሚያየውን የእኔው በዓመትም አያየው። ገንዘቡን ለእሱ ስጡ። ሠራተኞቼን ብቻ ባንዴ እንዳትበትኑብኝ።"

ከዚያ ቦርሳቸውን አነሱ። ሚስተር ጋርቬይ፣ "ይቀመጡ እንጂ ዶክተር፣ አሁን ምን ያስወጣዎታል?" አሏቸው።

"ደንብ ነዋ" ብለው ወጡ።

የእኔ ቦታ ውስጥ ነበር። መቀመጥ ግን አልሆነልኝም። ምክትሌን ቦታዬን ያዢልኝ ብዬ ተከትያቸው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቆመው ነበር።

"ምን የሚወስኑ ይመስልሃል?" አሉኝ።

"እርስዎ ያሉትን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ እኮ ትንሽ እንኳ ይከራከሩኛል ብዬ ነበር" አሉ።

በዚህ መሥሪያ ቤት ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ ግን የለም። ሶረል ፍላት ተዘጋ። ሠራተኞቹ እንደተጠየቀው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ዶክተር ሃልቮርሰን፣ ወደ ድሮው ደንብ እንመለስ የሚል ሐሳብ እንደቀረበልዎ ሰምቻለሁ። ሥራ ያቀላል ይባላል። እውነት ነው፣ ያቀላል። ግን እባክዎ አይፈርሙበት። ለራሱ ያደላል ብለን በር የዘጋንበት ሰው፣ ከሁላችን ይልቅ እውነቱን የሚናገረው እሱ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ጤና አይጉደልባችሁ። በጀታችሁ በወቅቱ ይጽደቅላችሁ። ደክማችሁ የጀመራችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ። በራሱ ላይ እንኳ እውነቱን የሚናገር ሰው አይጥፋባችሁ። እንዲህ ያለው ሰው ተናግሮ ሲወጣ ደግሞ፣ ከእናንተ አንዱ ተከትሎት ይውጣና አብሮት ይቁም።

ደህና ሁኑልኝ።