በመዳፋቸው ልክ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ የሚወዳቸውም የማይወዳቸውም «ሚጢጢ» እያለ ሲጠራቸው የኖሩት ፀጉር አስተካካይ የሕይወት ታሪክ የሚከተለው ነው፤ አንድያ ልጃቸው «ሳታሽሞነሙኑ አንብቡልኝ» ስላለች፣ እንደተጻፈው ይነበባል።

ሟች የልጆች ጫማ ከሚሰፉት አባታቸውና ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው ቀናቸው ሳይደርስ ተወለዱ። አዋላጇ አያድርም ብለው ተስፋ ቢቆርጡም፣ እናታቸው በጥጥ ጠቅልለው፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አስተኝተው፣ ወተት በጠብታ እየሰጡ ነፍስ ዘሩባቸው። ሟች ያንን ካርቶን ዕድሜ ልካቸውን ከአልጋቸው ሥር ያስቀመጡት ሲሆን፣ ቤት ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጡ ማሳየት ደስታቸው ነበር።

በትምህርት ቤት ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡ የነበረው በጉብዝናቸው ሳይሆን ከኋላ ሆነው ሰሌዳው ስለማይታያቸው ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ እያሉ «የታለ?» ሲሉ ሲያላግጡባቸው፣ ትምህርቱን ትተው ፀጉር ቤት ገቡ፤ እዚያም ሣጥን ላይ ቆመው የረጃጅሞችን አንገት እንዳሻቸው እያጎነበሱ የሚላጩ፣ መቀስ የሚያምርባቸው ባለሙያ ሆኑ።

የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ቁመቷን ከእናቷ ወስዳ ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ አባቷን በለጠች፤ እሳቸውም መንገድ ላይ ጎን ለጎናቸው እንዳትሄድ፣ ወይ ቀደም ወይ ወደኋላ እንድትል አዘዟት። እሷም ወደኋላ መቅረቱን ለመደች።

አንድ ደንበኛቸው ከሰፈሩ ሲለቁ ጥለውላቸው የሄዱት ጥንድ ትናንሽ ውሾች በፀጉር ቤቱ ጓዳ በወለዱ ጊዜ፣ ሟች ቡችላውን በመዳፋቸው ይዘው ለሚላጨው ሰው በመስተዋት ቢያሳዩት፣ ሰው ሁሉ ዋጋውን ሲጠይቅ አዩ። ከዚያ ወዲህ መለኪያቸው መዳፋቸው ሆነ፤ ቡችላው ከጣታቸው ካለፈ «አልሆነም» ይባልና ለጠየቀ ይሰጣል፣ ካላለፈ በውድ ይሸጣል ወይም ለዘር ይቀራል፤ እንዲህ እያሉ ትንሹን ከትንሿ፣ ወንድሙን ከእህቱ ሲያዳቅሉ ኖሩ። ጉልበታቸው የሚወልቅ፣ ጥርሳቸው ተደራርቦ የሚበቅል፣ ምግብ ትንሽ ከዘገየባቸው ተንቀጥቅጠው የሚወድቁ ቡችሎች ሲበዙ፣ ባለቤታቸው የማር ውኃ እያንጠባጠቡ ሲያነሷቸው፣ እሳቸው ግን መንቀጥቀጡን «ስስ ዘር ስለሆነ ነው» እያሉ ለገዢ እንደ ጌጥ ይነግሩ ነበር።

ልጃቸው በእንስሳት ሕክምና ተመርቃ ስትመጣ አባቷን ፀጉር ቤታቸው አግኝታ፣ ውሻ ለማራባት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የእናቲቱንና የአባትየውን ልብ፣ ጉልበትና ጥርስ ማስመርመር እንዳለበት፣ የሥጋ ዘመዳሞችን ማገናኘት እንደማይገባው፣ ከሁሉ ያነሰችው ሴት ዳሌዋ ጠባብ ነውና ለዘር እንደማትታሰብ፣ ምጥ ሲመጣ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰውና ፈጥኖ የሚደርስ ሐኪም ከሌለ ነገሩ ሁሉ ቢቀር እንደሚሻል፣ ገዢ የሰለቸውን ውሻ መልሶ ለመቀበልም ቤትም ልብም እንደሚያስፈልግ አስረዳቻቸው። በመጨረሻም ከሁሉ የምታንሰውን፣ እሷም ከሁሉ አብልጣ የምትወዳትን ጠብታ የተባለችውን ውሻ ለዘር ከማዋል እንዲተዉላት ለመነቻቸው። ሟች የወደቀ ፀጉር እየጠረጉ ሰምተው ሲያበቁ፣ ባለቤታቸው ባሉበት፣ «አንቺንም ስትወለጂ መዳፌ ላይ ለክቼሽ ቢሆን ኖሮ አላስቀርሽም ነበር» አሏት። ልጅቱ በዚያው ሳምንት ቤት ተከራይታ ወጣች።

ጠብታ አረገዘች። ምጧ በመጣ ዕለት፣ የልጃቸው ክሊኒክ ብዙም ባይርቅም፣ ሟች ለእሷ አልደውልም ብለው፣ ውሻዋ ጓዳ ውስጥ ስታቃስት እሳቸው በፊት ለፊቱ ክፍል ደንበኛ ሲላጩ ዋሉ። ባለቤታቸው ተደብቀው ደውለው ልጅቱ ስትደርስ የቡችላው ራስ ተሰንቅሮ ቀርቶ ነበር፤ በመላጫው ወንበር ላይ ሆዷን ከፍታ ቡችላውን በሕይወት ብታወጣውም ጠብታ አልነቃችም። ሟች እጃቸውን ዘርግተው ቡችላውን ተቀበሉና፣ ራሱ ከጣታቸው አልፎ ሲንጠለጠል አይተው፣ «አልሆነም» ብለው መለሱላት። እሷም በደረቷ ሸጉጣው ሄደች።

ከጊዜ በኋላ ኩላሊታቸው ታሞ ሥጋቸው እያለቀ ሲሄድ፣ ባለቤታቸው ማንሣት ስላቃታቸው ልጃቸው ተመልሳ መጥታ፣ ከአልጋቸው አንሥታ መላጫው ወንበር ላይ እያስቀመጠች አስታመመቻቸው፤ ማስታመሟን ሁላችንም አይተናል፣ ይቅር ማለቷን ግን ማንም አልሰማም። አንድ ቀን በእቅፏ ሳሉ ከብደዋት እንደሆነ ቢጠይቋት፣ «አትከብድም አባዬ። እንዲህ ያለው ነው በውድ የሚሸጠው» አለቻቸው። ሟች በመስተዋቱ ውስጥ ራሳቸውን በልጃቸው ክንድ ላይ አዩ፤ ከዚያ በኋላ የውሻ ነገር ሳያነሡ፣ ትናንት ጠዋት ዐረፉ። ሣጥናቸውን የሠሩት አናጢ ልኩ ሲነገራቸው የልጅ ነው እንዴ ብለው ጠይቀዋል።

ከኋላቸው ባለቤታቸውንና አንዲት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። በጓዳ የቀሩትን ውሾች ልጃቸው በቀዶ ሕክምና ስላመከነቻቸው ከእነሱ የሚወለድ የለም። የጠብታ ልጅ፣ «አልሆነም» የሚል ስም የወጣለት ባለ ትልቅ ራሱ ውሻ፣ አሁን ደጅ ታስሮ ይጠብቃታል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመዳፉ ይቀበል፤ ሲቀበላቸውም አልሆነም ብሎ አይመልስብን። አሜን።