አንድ ሺህ ዘጠኝ እግር ቡና

ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ጉልበታቸው አላርፍ ብሏል። አጠገባቸው ያለችው ሒሳብ አስተማሪ ናት።

«የአባታችን ቡና አንድ ሺህ ዘጠኝ እግር ነው። ለሰባት ወንድማማች እኩል አልካፈል አለን።»

«አይካፈልም፣ ኦቦ።»

«ሁለቱ ቢተዉልንስ? ለአምስት?»

«ለአምስትም እንቢ ነው። ይሄ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈልም።»

«ያ ዋቅ! የሚያካፍሉን ሽማግሌዎች ዛሬ ይጠብቁናል እኮ!»

«አንዷን እግር ብቻ ለይታችሁ ተዉአት። የቀረው ለሰባት ልክ ይገባል፤ መቶ አርባ አራት ይደርሳችኋል።»

«አንዷን?»

«አዎ፣ የትኛዋንም።»

ጉልበታቸው ቆመ።

«አባታችን መጀመሪያ የተከላት ደጃፉ ላይ አለች። ሰባታችንም ‹የኔ ናት› የምንለው እሷን ነው፣ ልጄ።»

በመስኮቱ የሚያልፈውን ቡና «አንድ» ብዬ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት።