ሰባተኛው መስመር

አዳማ፣ የአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ፣ ከምሳ በፊት፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ አልጋነሽ የገቢ ደብዳቤዎች መዝገቡን በክንዳቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ የጽዳትና የተላላኪነት ሠራተኛዋ ትርንጎ መዝገቡን ልትወስድ እጇን ዘርግታ ቆማለች።

አልጋነሽ፦ አላገኘሁትም በያቸው።

ትርንጎ፦ ይሄን የሚያክል መዝገብ? እትዬ አልጋነሽ፣ በር ቢገነጠል እኮ በሱ ይዘጋል። አላገኘሁትም ብላቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ነው የሚልኩኝ።

አልጋነሽ፦ እንግዲያው ቆልፋ ወጥታለች በያቸው።

ትርንጎ፦ አሁን በስልክ አነጋግረውዎት የለ? የእርስዎን ስልክ እንደዘጉ ነው እኔን የጠሩኝ። ውረጂና ገቢ መዝገቡን አምጪ፣ ቶሎ አሉኝ። ሻይ እንኳን አላዘዙም። አቶ ጥላዬ በአምስት ሰዓት ተኩል ሻይ ካላዘዙ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አልጋነሽ፦ ፊታቸው እንዴት ነው?

ትርንጎ፦ ፊታቸውማ ያው እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ሥራ አስኪያጅ ሥራ አስኪያጅ ይላል። እጃቸው ነው እንጂ። እስክሪብቶውን ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል፣ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ትልቁ ፖስታ ደግሞ ጠርዙ በመቀስ ተቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ነው።

አልጋነሽ፦ ተቆርጦ አልሽኝ?

ትርንጎ፦ ወረቀቶቹ ተዘርግተዋል። ምን ሆኑ?

አልጋነሽ፦ ያ ፖስታ የዋናው መሥሪያ ቤት ነው። አሽጌ ነው የሰጠኋቸው። ማንም እንዳይከፍተው ተብሎ ደብዳቤ መጥቷል። ስምንት ሰዓት ላይ ሹፌሩ ከአዲስ አበባ መጥቶ ይወስደዋል።

ትርንጎ፦ ታዲያ ቢከፍቱትስ? ከሥራችሁ ምኑን ትወዳላችሁ፣ ምኑን ትጠላላችሁ የሚለው ቅጽ አይደል? ስም አትጻፉ ተብለናል። ስም ከሌለው የማንን ጆሮ ይቆነጥጣሉ?

አልጋነሽ፦ በሩን ደህና አድርገሽ ዝጊው።

ትርንጎ፦ ተዘግቷል። እትዬ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል። ውሃ ላምጣልዎ?

አልጋነሽ፦ አትውጪ። ትርንጎ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ።

ትርንጎ፦ እርስዎ? በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አርፍደው የማያውቁት? በእርስዎ መግቢያ እኮ ነው ዘበኛው ሰዓቱን የሚያስተካክለው።

አልጋነሽ፦ ለቅጹ ሣጥን ይመጣል ተብሎ አልነበር? ሣጥኑ ሳይመጣ ቀረ። ሰዉም እንደለመደው እያመጣ እኔ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እኔ ደግሞ ወረቀት እጄ ሲገባ...

ትርንጎ፦ ሲገባ ምን?

አልጋነሽ፦ ማህተም መታሁበት። ገቢ ሆኗል የሚለውን። ቀንና ቁጥር ሰጠሁት።

ትርንጎ፦ ሁሉም ላይ?

አልጋነሽ፦ አሥራ ዘጠኙም ላይ። ከዚያ እዚህ መዝገብ ላይ አሰፈርኩት። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ማን እንዳመጣው።

ትርንጎ፦ ማን እንዳመጣው?

አልጋነሽ፦ ላኪ የሚል አምድ አለው።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ ምስጢር ነው የተባለውን ወረቀት ከነባለቤቱ መዘገቡት?

አልጋነሽ፦ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ዛሬ ስልኩ እስኪጮህ ድረስ ምን እንዳደረግሁ አልታየኝም። ያን ሁሉ ዓመት ሳይመዘገብ በዚህ ጠረጴዛ ያለፈ ወረቀት የለም።

ትርንጎ፦ ሰላምታ የሚሰጥዎት ሰው ግንባሩ ላይ ሳይመቱበት መቅረትዎ ራሱ ይገርመኛል።

አልጋነሽ፦ አትሳቂ።

ትርንጎ፦ እየሳቅሁ አይደለም፣ ስደነግጥ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ቆይ ግን፣ አንብበዋቸዋል ማለት ነው?

አልጋነሽ፦ ጉዳዩ የሚልም አምድ አለ። ባዶ አይተውም።

ትርንጎ፦ ወይ ጉድ። ሰው ምን ጻፈ? ስም አልጠይቅዎትም።

አልጋነሽ፦ ምን ይጻፍ ብለሽ ነው። ብዙው ሰው የሚወደው የቤተሰብ ሕክምናውን ነው። አንዱ የእናቱን ዓይን ያሳከመው በኩባንያው እንደሆነ ጽፎ፣ ለዚህ ስል ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ ብሏል። ሰርቪሱን ያመሰገነ አለ። እጠላለሁ የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ወረቀቱ አልበቃቸውም። ሲስተም የለም እየተባለ ደንበኛ መመላለሱን የጻፉ አሉ። በየወሩ ይህን ያህል ሰው ኢንሹራንስ ካላስገባችሁ የሚባለውን የጻፉ አሉ። አንዷማ ዘመዶቼ ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ ብላለች። ለቅሶ ቤት ስትገባ፣ መጣች ኢንሹራንሷን ይዛ ይባባላሉ አሉ።

ትርንጎ፦ ኤፍራታ ናት፣ የሽያጯ። ለኔም ሞክራለች። ምን ንብረት አለኝና ብላት፣ ሕይወት አለሽ አይደል አለችኝ።

አልጋነሽ፦ ስም አትጥሪ። ግድግዳው ስስ ነው።

ትርንጎ፦ እሺ። ታዲያ ይሄ ሁሉ አቶ ጥላዬን ምን አስቆጣቸው? ዘመድ የሸሸው እሷን ነው እንጂ እሳቸውን አይደለም።

አልጋነሽ፦ ሰባት ቁጥር ነው። ሌላውን አልጠየቁኝም። ሰባት ቁጥር የማን ነው አሉኝ። አላስታውስም አልኳቸው። እኔ አላስታውስም እላለሁ? በዘጠና ስምንት የገባ ደብዳቤ ቁጥሩን በቃሌ የምነግራቸው ሰው? እንግዲያው መዝገቡ ያስታውሳል ብለው ስልኩን ዘጉት።

ትርንጎ፦ የሰባት ቁጥሩ ሰውዬ አለቀለት በሉኛ።

አልጋነሽ፦ ቋሚ ሠራተኛ ቢሆን ማስጠንቀቂያ አለው፣ ኮሚቴ አለው፣ ይንገላታል እንጂ ቶሎ አይወጣም። ኮንትራት ከሆነ ግን ሰኔ ሠላሳ ላይ አልታደሰም ይባላል፣ አበቃ። ምክንያት እንኳን አይጻፍለትም።

ትርንጎ፦ ሰኔ ሠላሳ እኮ የዛሬ ሳምንት ነው።

አልጋነሽ፦ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ እኔም ኮንትራት ነኝ።

አልጋነሽ፦ አውቃለሁ፣ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ የሚያዩኝ?

አልጋነሽ፦ ነይ ወዲህ። ሰባተኛውን መስመር ራስሽ አንብቢው።

ትርንጎ፦ «ላኪ፣ ትርንጎ ከጽዳት። ጉዳዩ፣ ስለ መሳቢያ።»

አልጋነሽ፦ ወንበሩን ሳቢና ተቀመጪ።

ትርንጎ፦ አጥፌ እኮ ነው የሰጠሁዎት።

አልጋነሽ፦ ከፈትኩት።

ትርንጎ፦ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ የኔን ጽሑፍ ማን ያውቃል ብዬ ነው። እወዳለሁ የሚለው ላይ ሊፍቱን ጻፍኩ። ጠዋት ማንም ሳይገባ ብቻዬን ስወጣበት ሕንፃው በሙሉ የኔ ይመስለኛል ብዬ። ምናለ እዚያው ላይ ባቆም።

አልጋነሽ፦ አላቆምሽም።

ትርንጎ፦ ወይዘሮ ድንቅነሽ ናቸዋ። ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሴትዮ። በየሳምንቱ ይመጣሉ፣ የካሳ ማመልከቻዎ አልደረሰንም ይባላሉ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ይላሉ። እኔ ዙሪያቸውን እወለውላለሁ። ይነሱ ማለት እንኳን አፈርኩ። ማመልከቻቸው ግን አቶ ጥላዬ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አቧራ ስጠርግ ክፍቱን ትተውት አየሁት። አንዱ ጥጉ ጥቀርሻ ነክቶታል፣ ከእሳት የተረፈ ነገር አያይዘውበት መሰለኝ። የሳቸው ብቻ ቢሆን ምናለ፣ ክምር ነው።

አልጋነሽ፦ ሠላሳ ቀን እስኪሞላው ነው። አደጋው በደረሰ በሠላሳ ቀን ውስጥ ገቢ ያልሆነ ማመልከቻ አይከፈልበትም። ሲመጣ ወደ ላይ ጠርተው ይቀበሉኝና፣ እኔ እስክል ድረስ ገቢ እንዳታደርጊው ይሉኛል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ጠርተው ይሰጡኛል፣ በዚያን ቀን ማህተም እመታለሁ፣ ዘግይቷል ተብሎ ይመለሳል። ቅርንጫፋችንም ካሳ ባለመክፈሉ ጎበዝ ይባላል።

ትርንጎ፦ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

አልጋነሽ፦ እንደማውቅማ አንቺም ጽፈሻል።

ትርንጎ፦ እሱንም አነበቡት?

አልጋነሽ፦ «መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ሁሉን ያውቃሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ማህተም ይመታሉ» ይላል።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።

አልጋነሽ፦ ውሸት ነው?

ትርንጎ፦ አይደለም።

አልጋነሽ፦ እንግዲያው ምኑን ነው ይቅር የምልሽ። መጀመሪያ ሳነበው ግን ተናድጃለሁ። ማህተሙን ያንቺ ላይ ጠበቅ አድርጌ ነው የመታሁት።

ትርንጎ፦ እና ይሄን አንብበው ነው መዝገቡን አልሰጥም የሚሉት? እኔ ብሆን በሊፍት ሳይሆን በደረጃ ሮጬ ነበር የምሰጣቸው።

አልጋነሽ፦ አትሰጪም።

ትርንጎ፦ ገጹን እንቅደደዋ።

አልጋነሽ፦ ገጾቹ ተቆጥረው ነው የመጡት። አንድ ከጎደለ ሁለታችንም በአንድ ቀን እንወጣለን።

ትርንጎ፦ ሻይ ልድፋበት። እሱ የኔ ሙያ ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ባለፈው ወር የኦዲተሩ ሱሪ ላይ ሳልፈልግ ደፍቻለሁ፣ አሁን ፈልጌ እንዴት ያቅተኛል።

አልጋነሽ፦ የእስክሪብቶ ቀለም በሻይ አይለቅም።

ትርንጎ፦ ስሜን ይሰርዙትና የሌላ ሰው ይጻፉበት።

አልጋነሽ፦ የማንን?

ትርንጎ፦ የማንንም። የኤፍራታን... አይ፣ እሷ እርጉዝ ናት። የዘበኛውን... እሳቸው ስድስት ልጅ አላቸው። ይተዉት። ምን እያልኩ ነው እኔ።

አልጋነሽ፦ ተረጋጊ።

ትርንጎ፦ እንዴት ልረጋጋ? እዚህ ከመግባቴ በፊት ብሎኬት ነበር የምሸከመው። ትከሻዬ ላይ እስካሁን ምልክቱ አለ፣ ላሳይዎት? እዚህ ስገባ የደንብ ልብስ ሰጡኝ፣ ኪሱ ላይ የኩባንያው አርማ ያለበት። ሰፈር ውስጥ አውልቄው አላውቅም፣ እሑድ እሑድ ሳይቀር። የኢንሹራንሷ ልጅ ነው የሚሉኝ። ሳምንት ቆይቼ ብሎኬት ተሸክሜ ሲያዩኝ ምን ሊሉኝ ነው? ስልኩ። እትዬ፣ ስልኩ እየጠራ ነው። እሳቸው ናቸው።

አልጋነሽ፦ ይጥራ።

ትርንጎ፦ አያንሱት። ከሞት ያልተናነሰ ነው የሚያስፈራኝ ድምፁ። ቆመ... ቆመ። አሁን ራሳቸው ይወርዳሉ።

አልጋነሽ፦ አይወርዱም። ሥራ አስኪያጅ መዝገብ ቤት ወርዶ አያውቅም። እዚህ መምጣት ያሳንሳቸዋል።

ትርንጎ፦ የእርስዎ ቅጽ ስንት ቁጥር ነው? እኛ ሃያ ነን፣ አሥራ ዘጠኝ ነው ያሉኝ።

አልጋነሽ፦ የኔ እዚህ አለ። ባዶ ነው።

ትርንጎ፦ ለምን?

አልጋነሽ፦ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። እወዳለሁ የሚለው ላይ ጸጥታው ብዬ ጀመርኩ። እዚህ ክፍል ማንም አይጮህብኝም። እመዘግባለሁ፣ ማህተሜን እመታለሁ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ውስጥ ገብቼ ቤቴ ነኝ። ያንቺን ሳነብ ግን ጸጥታው ምን እንደሆነ ገባኝና ሰረዝኩት። በሱ ቦታ የምጽፈው አጣሁ።

ትርንጎ፦ ደግመው ደወሉ።

አልጋነሽ፦ እስክሪብቶውን ያዢ።

ትርንጎ፦ እኔ?

አልጋነሽ፦ እኔ ከያዝኩት መልሼ እሰርዘዋለሁ። እጠላለሁ የሚለው ላይ ጻፊ። «ሰባት ቁጥር ላይ የተጻፈው እውነት ነው። ማመልከቻዎቹ የሚደርሱት በጊዜው ነው፤ የሚዘገዩት ሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ነው።» ጻፍሽ?

ትርንጎ፦ «መሳቢያ ውስጥ ነው።» እሺ።

አልጋነሽ፦ «እያንዳንዱ በትክክል የደረሰበትን ቀን በሌላ ደብተር ይዣለሁ።»

ትርንጎ፦ ምን? ሌላ ደብተር አለዎት?

አልጋነሽ፦ ገቢ አታድርጊው ቢሉኝ ማህተሙን ተውኩት እንጂ መጻፉን መተው አልቻልኩም። አራት ዓመት ሙሉ ቤቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ለባሌ እንኳን አላሳየሁትም። የወይዘሮ ድንቅነሽ የደረሰው በእሳቱ በስድስተኛው ቀን ነው።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ ይሄ ከተላከ እርስዎንም ይጠይቁዎታል እኮ። ለምን ዝም አልሽ ይላሉ። ጡረታዎስ?

አልጋነሽ፦ አትጠይቂኝ፣ ከጠየቅሽኝ እተወዋለሁ። ጻፊ ብቻ። «ማህተሙን ዘግይቼ የመታሁት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ፦ ጻፍኩ። አሁን ሹፌሩ ሲመጣ በእጁ እንሰጠዋለን?

አልጋነሽ፦ ገና ነው። ከላይ ስሜን ጻፊው።

ትርንጎ፦ ስም አትጻፉ ነው የሚለው።

አልጋነሽ፦ ሙሉውን ጻፊው፣ እስከ አያቴ። ስም የሌለው ወረቀት ከሆነ ያንቺን ስም ብቻ ነው የሚፈልጉት። ጨረስሽ? አምጪው፣ ሃያ ቁጥር ነው። ይኸው እንደገና ጠራ፤ ስልኩን አቀብዪኝ።

ትርንጎ፦ ምን ሊሏቸው ነው? እትዬ፣ እኔ ልውጣ? ልውጣ ወይስ ልቁም?

አልጋነሽ፦ ከአጠገቤ ቁሚ። አቤት፣ አቶ ጥላዬ። አዎ፣ እዚሁ ናት፣ የያዝኳት እኔ ነኝ። የለም፣ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት አይወጣም፣ ደንቡን እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል። ሰባት ቁጥርንም ከኔ አይሰሙም። የሃያ ቁጥር ላኪ ማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ግን መዝገብ አያስፈልግዎትም፤ እኔ ነኝ።