የአረንጓዴው መብራት ምስክርነት

በ፳፻፮ ዓ.ም. ግንቦት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የገበሬዎች ዩኒየን የመጋዘን ኃላፊ አቶ አድማሱ በንፋስ መውጫ መናኸሪያ በኩል ሲያልፉ ከሚኒባስ ከምትወርደው ከሐረገ ወይን ጋር ተገጣጠሙ። ሐረገ ወይን የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ለአራት ቀን ስብሰባ ደብረ ታቦር ስትሄድ ሰርቨሩ፣ ማለትም የዩኒየኑን የሽያጭ ድረ ገጽ የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ለእርሳቸው ሰጥታ ነበር።

«ጋሼ አድማሱ፣ እንደምን ሰነበቱ? ድረ ገጻችን ምን ነካው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ይነካዋል? ጧት ጧት ከኪዳን መልስ ክፍሉን እየከፈትሁ አየዋለሁ፤ የማሽኑ አረንጓዴ መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።»

እርሷ ግን ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። የዘር ድንቹ ዝርዝር ሊታይ በሚገባው ቦታ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ነበር።

«የመካነ ኢየሱስ ገዥዎች ሦስት ቀን ሙሉ ማዘዝ አቅቷቸዋል። እስከ ቅዳሜ ካልተከፈተ ከሌላ እንገዛለን ብለዋል።»

በመጋዘኑ ያለው ድንች አቶ አድማሱን አምነው ያስረከቡ የአርባ አባወራዎች ልፋት ነው፤ ቡቃያው ረዝሟል፣ ሌላ ሳምንት አይቆይም።

«እንግዲያ መብራቱ ዋሸኝ?»

«አልዋሸዎትም። የሚመሰክረው ኤሌክትሪክ መኖሩን ብቻ ነው። መስኮቱ ሲበራ የሚታይ ቤት ባለቤቱ ታሞ የተኛበት ሊሆን ይችላል። የእኛም ሰርቨር የመረጃ ማከማቻው ሞልቶ ይሆናል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጉድለቱን አይቶ የሚነግር ተቆጣጣሪ ሶፍትዌር ሳልተክልለት ሄድሁ።»

«ማሽንን በማሽን ማስጠበቅ ዕውርን ዕውር ይምራው ማለት አይደለምን?»

«እስቲ እኔ ልጠይቅዎት። ለመጋዘኑ ዘበኛ ሲቀጥሩ ምን ዓይነቱን ይመርጣሉ?»

«ይኸማ የታወቀ ነው። አንዱን ውስጥ ባሳድር ሌላው በውጭ ይዞራል፤ ሁለቱን አብሬ ብቆልፍማ ቤቱ ሲቃጠል ማን ይጮኻል? ደግሞም ለነፋሱም ለድመቱም የሚጮህ አልቀጥርም። ሰው ይሰለቸውና ሌባው የመጣ ዕለት የሚነሣለት ያጣል።»

ሐረገ ወይን ፈገግ አለች። «ምርጫውን ጨረሱልኝ። አንዱ ሶፍትዌር ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ማከማቻውን ይለካል፤ ሌላው ከሌላ ከተማ ሆኖ በየአምስት ደቂቃው ገጹ መከፈቱን ያያል። ሁለቱም ለከባድ ነገር ብቻ ይጮኻሉ።»

«ጩኸቱንስ ማን ይሰማል? አንቺ እንደሆነ ስብሰባ ትወጃለሽ።»

«እርስዎም ይሰማሉ። ስለዚህ ኢሜይል ብቻ የሚልከውን ትተን የስልክ መልእክት የሚልከውን እንያዝ። የእርስዎ ስልክ ኢንተርኔት አያውቅም።»

«አያውቅም፤ የእኔ ግን ባትሪው ሳምንት ይቆያል። ያንቺ እስከ ምሳም አይደርስ።»

በዚያው ዕለት ማከማቻው ተጠረገ፣ ገጹም ተከፈተ፤ በማግስቱ ሁለቱ ጠባቂዎች ተተከሉ። አቶ አድማሱ ግን በልባቸው ገና አላመኑም ነበር። ለዘመናት በዓይኑ ሲያይ የኖረ ሰው ሌላ ዓይን መዋስ ይከብደዋልና።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ወርደው ስለ ጆንያ ሲከራከሩ ስልካቸው ጮኸ፦ «ማከማቻው ዘጠና በመቶ ሞልቷል።» ወዲያው ለሐረገ ወይን ደወሉ። እርሷም ያለ ልክ እየተባዛ ማከማቻውን የሚሞላውን የመጠባበቂያ ቅጂ አገኘችና አቆመችው፤ ገጹም ለአንዲት ደቂቃም ሳይዘጋ ቀረ። በማግስቱ ቅዳሜ የመካነ ኢየሱስ ትእዛዝ ገባ። ሰኞ የመጨረሻው ጆንያ ተጭኖ ሲወጣ አቶ አድማሱ ባዶውን መጋዘን በእጃቸው ጠረጉት።

በዩኒየኑ ጉባኤ አንድ አባል «ይህ ጠባቂ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልስ ለመስጠት ቀድመው የተነሡት እርሳቸው ነበሩ፦ «ገዥው ሳያማርር፣ ዘሩ ሳይበላሽ፣ ጉድለታችንን ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሳችን ዘበኛ እንሰማለን። ዘበኛ ስትመርጡም የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጮህ፣ ለማን እንደሚነግር ጠይቁ።»

ከጉባኤው ሲመለሱ ሰርቨሩ ክፍል ገቡና በአረንጓዴው መብራት ሥር በቁም ጽሕፈት የጻፉትን ወረቀት ለጠፉ፦ «ይህ መብራት ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ይመሰክራል።»