ከሰዓቱ ያለፈ ፖስታ

አቶ ደገፉ ከበዴሳ ወደ ሶዶ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ ከሹፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ የጓደኛቸውን ልጅ ሜላትን አገኟት። ሜላት ሶዶ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ናት፤ ለመስክ ሥራ በዴሳ አድራ መመለሷ ነበር። «ሳሮ፣ ጋሼ!» ብላ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥታ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። እሳቸውም እግዚአብሔር ራሱ የላከልኝ ሰው ናት ብለው ደስ አላቸው። ደስታቸው ግን ዕድሜው አጭር ነበር።

አቶ ደገፉ የቀበሌያቸው ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ይታጨቃል፤ ያም ሆኖ ክፍል ስለማይበቃ ግማሹ ተማሪ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት ይማራል። አሁን አራት አዳዲስ ክፍሎች እንዲሠሩ በጀት ተፈቅዶ፣ ጨረታም ወጥቷል። ሳጥኑ በዚያው ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል። አቶ ደገፉም በሕዝብ ታዛቢነት ተጠርተው መሄዳቸው ነው። እስከዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ችግሩ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር። የባለቤታቸው የእኅት ልጅ አሮን፣ ፈቃድ ያለው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ፣ «ጋሼ፣ መሄድዎ ካልቀረ ይህቺን ሳጥኑ ውስጥ ይጣሉልኝ» ብሎ የታሸገ ፖስታ ሰጥቷቸዋል።

መንገዱን ሳያጋምሱ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ሲወርድ እሱም ነፍስ አልነበረውም። ሹፌሩ ጎማውን ሞተር ላይ ጭኖ ለማስነፋት ሲሄድ፣ ተሳፋሪው መንገድ ዳር ተቀመጠ። አቶ ደገፉ ሰዓታቸውን ዐሥር ጊዜ እያዩ ለሜላት ጭንቀታቸውን ነገሯት።

ሜላት ፖስታውን አይታ ደነገጠች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ታዛቢ ነዎት። ዳኛ የአንዱን ተከራካሪ ወረቀት በኪሱ ይዞ ችሎት ቢገባ ምን ይላሉ?»

«እኔ ምን በላሁ? ሻይ እንኳ አልጋበዘኝም!»

«እንዳልበሉ እኔ አውቃለሁ። ሌላው ተጫራች በምን ይወቅ?»

«ልጄ፣ አሮንን እኮ ታውቂዋለሽ። የቤተ ክርስቲያናችንን አዳራሽ የሠራ ልጅ ነው። አባቱን እናውቃለን፣ ቤቱን እናውቃለን። ማስታወቂያ አንብቦ ከየትም የመጣ ሰው በልጆቻችን አናት ላይ ጣራ ያቁም? በእኛ ጊዜ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጸልየው፣ ለሚታመን ሰው ይሰጡ ነበር፤ አለቀ።»

«እሺ፤ ከስድስት ዓመት በፊት የተሠሩትን ሁለት ክፍሎችስ ለማን ሰጣችሁ?»

 ሁለቱን ክፍሎች ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብ የሠራው ቶማ ነው። ቶማ ደግ ሰው ነው፤ ኀዘን ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ። ስለ ግንባታ ዕውቀቱ ግን ያን ጊዜ የጠየቀ አልነበረም። በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ሰመጠ፤ ግድግዳውም ከመስኮቱ እስከ ጣራው ተሰነጠቀ።

«ለምን አልጠየቃችሁትም?» አለች ሜላት።

«እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ልጄን ስድር ጎንበስ ቀና ብሎ ያስተናገደልኝ ሰው ነው። በየሳምንቱ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እየዘመርን፣ ግድግዳህ ተሰነጠቀ ልበለው?»

«ይሉኝታ ያዛችሁ።»

«ያዘና!»

«እናንተን ይሉኝታ ያዛችሁ፤ ልጆቹ ግን በዚያ ስንጥቅ ሥር አራት ዓመት ተቀመጡ።» ይህን ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አቶ ደገፉ ግን በሰው ፊት የተሰደቡ ያህል ፊታቸው ጋለ።

«ጨረታ አሮንን የሚጠላ ሕግ አይደለም፣ ጋሼ» ብላ ቀጠለች። «ለሁሉም ያው ፕላን፣ ያው ብረት፣ ያው ሲሚንቶ ተጽፎ ይሰጣል። ዋጋውም ሁሉ እየሰማ ይነበባል። ያሸነፈው ዋስትና ያስይዛል፤ ከክፍያውም ጥቂቱ ቤቱ አልቆ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይያዝበታል። ቢሰነጠቅ መጥቶ ይጠግናል። አስገዳጁም ውሉ ነው፤ እርስዎ ሰርግ ቤት ቢያገኙት ፊትዎን አያዞሩም።»

«ርካሽ ዋጋ ያቀረበ ሁሉ ያሸንፋል ይባላል። በርካሽ የገባ ሰው ደግሞ ሲሚንቶ ይሰስታል።»

«ዋጋ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚህ በፊት የሠራው ሥራ፣ ያሉት ባለሙያዎች ይመረመራሉ። ያንን ያለፈ ነው በዋጋ የሚወዳደረው። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ እንዳይሰስት መቆጣጠር የመሐንዲሱም የእናንተም ሥራ ነው። አሮን ጎበዝ ከሆነ ጨረታ ምን ያስፈራዋል?»

«እሱማ አይፈራም» አሉ አቶ ደገፉ በኩርፊያ። «እኔን ያስፈራኝ ሰዓቱ ነው።»

ሶዶ መናኸሪያ ወርደው በባጃጅ እየተጣደፉ ጨረታው የሚከፈትበት ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲደርሱ አራት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኗል። አቶ ደገፉ የሜላትን ክንድ ያዙ። «ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ። ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ምን አላት? አንዲት ቃል ተናገሪልኝ።»

«ከልቤ አዝናለሁ፣ ጋሼ። ለአባቴም ቢሆን አልናገርም» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

«እንዲህ ያለች ልብ የሌላት ልጅ!» እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት ወጣት ተጫራቾች አጠገብ ተቀመጡ። ወጣቶቹ ሰነዳቸውን ሦስት ሰዓት ላይ አስገብተው የሚጠባበቁ ናቸው። የጨረታ ኮሚቴው ጸሐፊ ወይዘሮ ሰርካለም የሳጥኑን አፍ በወረቀት አሽገው ፈርመውበታል። አቶ ደገፉ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ በምን ቃል እንደሚለምኑ ያሰላስሉ ጀመር።

አፋቸውን ሳይከፍቱ በሩ ተከፈተና አቶ ወንደሰን ገቡ። አቶ ወንደሰን በከተማው ስማቸው የታወቀ ተቋራጭ ናቸው። ግማሹ ሰው ከመቀመጫው ተነሣላቸው። ሁሉንም በእጅ ጨብጠው ሲያበቁ ወፍራም ፖስታ አወጡ። «መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ናት» አሉ ፈገግ ብለው።

ወይዘሮ ሰርካለም እጃቸውን አልዘረጉም፤ አይሆንም ለማለት ግን ቃል ጠፋቸው። ከኮሚቴው አንዱ፣ «እሳቸውንማ እንዴት እንመልሳለን?» አለ። ሁለቱ ወጣቶች መሬት መሬት አዩ። ማንም አልተናገረም።

አቶ ደገፉ ይህን ዝምታ ያውቁታል። ቶማ ፊት አራት ዓመት ዝም ያሉት እሳቸው ናቸው። እነዚህ ሁለት ልጆች ዛሬ ዝም ቢሉ የሚሰነጠቀው የእሳቸው ቀበሌ ትምህርት ቤት መሆኑ ታያቸው። ተነሥተው የአሮንን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ይህ የዘመዴ ነው» አሉ። «ታዛቢ ሆኜ ሳለ ይዤው መምጣቴ ጥፋት ነው፤ ይመዝገብብኝ። ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው የደረስኩት። የአቶ ወንደሰንን ከተቀበላችሁ የእኔንም ተቀበሉ። እኔ ግን ሰዓቱ አልፏልና ይግባልኝ አልልም።»

ወይዘሮ ሰርካለም እፎይ ብለው ብዕራቸውን አነሡ። ሁለቱም ፖስታዎች አርፍደው በመድረሳቸው ሳይከፈቱ መመለሳቸውን ጻፉ፤ የአቶ ደገፉንም ጥፋት እንዳሉት መዘገቡ። አቶ ወንደሰን ፊታቸው ቢጠቁርም ክርክር አላነሡም። ከዚያ ሳጥኑ ተከፍቶ አምስት ፖስታዎች ወጡ፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ጮክ ተብሎ ተነበበ። የዝቅተኛውና የከፍተኛው ዋጋ ልዩነት አንድ ተጨማሪ ክፍል የሚያሠራ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለአንድ ሰው ቢሰጡት ይህን ልዩነት ማን ያውቀው ነበር? የተሸነፈውም በምን እንደተሸነፈ ስለሚያውቅ አያኮርፍም፤ ሕዝቡም ገንዘቡ የት እንደገባ ሲጠይቅ የሚነገረው አያጣም።

አቶ ደገፉ ከስብሰባው ሲወጡ አሮን ደወለ።

«ገባ፣ ጋሼ?»

«አልገባም። ጎማ ፈንድቶብን ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ደረስኩ። የበደልኩህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ። ለሌላ ጊዜ ራስህ ይዘህ፣ በዋዜማው አስገባ።»

አሮን ይህን ሥራ ብለው የሚጠብቁ ዐሥራ አንድ ሠራተኞች አሉበት። «የሚለመን ሰው ጠፍቶ ነው?» አለ።

«ሊቀበሉ የሚችሉ ነበሩ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እና ማን ሊሠራው ነው?»

«ገና ይመረመራል። ከአምስቱ አንዱንም አላውቅም» አሉ አቶ ደገፉ። «እግዚአብሔር ይመስገን። ግድግዳው ቢሰነጠቅ ደጁ ድረስ ሄጄ እጮህበታለሁ።»