መስኮቱን ዝጉት

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከኋላዬ ጮኹ።

«መስኮቱን ዝጉት! ብርዱ ፈጀን እኮ!»

«ክፍት ይሁን እማማ፣ ሰው እያሳለ ነው» አለች አጠገባቸው ያለችው ወጣት።

«ጉንፋን የሚያመጣው እኮ ነፋስ ነው ልጄ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ አራስ ሳለሁ ቤቱን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ጠያቂው ሁሉ እዚያው ታፍኖ እያሳለ ልጄን ሳመው። ሐኪሙ ‹ከሳላቸው የወጣው ቫይረስ በአፍንጫው ገብቶ ሳንባው ደርሷል› አለኝ።»

«ጉንፋን የያዘው አይሳምብኝ አትይም ነበር?»

«መጀመሪያ የሳሙት አማቴ ናቸው። ምን ብዬ ልከልክላቸው?»

«አብሽሪ። አሁንስ ተሻለው?»

«ቀበርነው። ለቅሶው ላይ አማቴ ‹በሩን ከፍታ በነፋስ አስመታችው› ሲሉ ሰማኋቸው።»

ልዘጋው ይዤው የነበረውን መስኮት ለቀቅኩት።